ልጁ ያጠፈውን ቅጠል አታስተካክሉበት



ዛሬ የምናነሳው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ስለ ወረቀት ማጠፍ ነው። ገና ትምህርት ቤት ያልገባ የሦስት፣ የአራት፣ የአምስት ዓመት ልጅ ቁጭ ብሎ በገዛ ጣቱ ቅጠል፣ ፍሬና አበባ ስለሚሠራበት ወረቀት። "ይሄ የኬጂ መምህራን ሥራ ነው፣ እኛን ምን አገባን?" ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት ትንሽ ታገሱን። ታናሽ ወንድም ያለው፣ የእህቱን ልጅ የሚጠብቅ፣ አዲስ ልጅ የወለደ ሁሉ ጉዳዩ ይመለከተዋል።

ሐሳባችንን ከመነሻው በግልጽ እናስቀምጥ። ወረቀት ማጠፍ ለትንሽ ልጅ የሚጠቅመው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሱ ልጁ ሲያጥፈው። ሁለተኛ፣ የሚያጥፈው ነገር ከደጃፉ ወጥቶ የሚያየው ነገር ሲሆን። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይጎድላሉ። ስልክ ላይ የተገኘ ቪዲዮ ይከፈታል፣ ልጁ አይቶት የማያውቀው ቀይ ቅጠል ይመረጣል፣ ትልቁ ሰው ያጥፋል፣ ልጁ ያያል። መጨረሻ ላይ ልጁ ሥራውን በእጁ ይዞ ፎቶ ይነሳል። ያ ሥራ የማን ነው?

ነገሩ ከየት መጣ?

"ኦሪጋሚ" የጃፓንኛ ቃል ነው። "ኦሩ" ማጠፍ፣ "ካሚ" ወረቀት ማለት ነው። ጃፓኖች ወረቀት ማጠፍን ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። በ1797 የታተመ፣ የወረቀት ሽመላ እንዴት እንደሚታጠፍ የሚያሳይ መጽሐፍ አላቸው።

ይህ ጥበብ ወደ ሕፃናት ክፍል ሲገባ ግን ከሌላ ሀገር የመጣ ሐሳብ ተቀላቅሎታል። ጀርመናዊው መምህር ፍሬድሪክ ፍሮይቤል በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ ለትንንሽ ልጆች ማስተማሪያ ከፈተ። በ1840 ደግሞ "ኪንደርጋርተን" የሚለውን ስም ሰጠው፤ የልጆች የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። ዛሬ እኛ "ኬጂ" የምንለው ከዚሁ ስም የመጣ ነው። ፍሮይቤል ለልጆች ካዘጋጃቸው የእጅ ሥራዎች አንዱ ካሬ ወረቀት ማጠፍ ነበር። በ1876 ቶኪዮ ውስጥ በሴቶች መምህራን ማሠልጠኛ ሥር የጃፓን የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት ሲከፈት የፍሮይቤልን መንገድ ተከተለ። የጀርመኑ አስተሳሰብና የጃፓኑ የቆየ ጥበብ እዚያ ተገናኙ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ፍሮይቤል ከሞተ በኋላ ብዙ ተከታዮቹ መንገዱን አደረቁት። መምህሯ ታዛለች፣ ልጆቹ በአንድ ላይ ያጥፋሉ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ያወጣሉ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊን የመሰሉ ሰዎች ይህን ተችተዋል። ልጅ የራሱን ሕይወት በጨዋታው ውስጥ ማምጣት አለበት፣ የተሰጠውን ናሙና ብቻ መቅዳት የለበትም የሚል ነበር ክርክራቸው። እንግዲህ እኛ ዛሬ የምናነሳው ቅሬታ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው ማለት ነው።

የጃፓን ልጅ ለምን ቀይ ቅጠል ያጥፋል?

ምክንያቱም በመስኮቱ ያየዋል። በጃፓን መዋዕለ ሕፃናት ከወቅቱ ጋር የሚሄድ ነገር ማጠፍ የተለመደ ነው። ዝናባችን አቁሞ መስከረም ሲጠባ፣ በሰሜን ጃፓን በሆካይዶ ተራሮች ላይ ቅጠሉ መቅላት ይጀምራል። ከዚያ ቅላቱ እየወረደ ወደ ደቡብ ይጓዛል፤ ቶኪዮና ኪዮቶ የሚደርሰው ኅዳር ላይ ነው። ሰዎች እንደ አየር ጠባይ ትንበያ ቅጠሉ የት እንደደረሰ ይከታተላሉ። "ሞሚጂ" የሚሉት የሜፕል ቅጠል ጣቶቹ የተዘረጉ እጅ ይመስላል፤ ጃፓኖች የሕፃንን ትንሽ እጅ የሚመስሉትም በእሱ ነው። በከተማው መንገድ ዳር ደግሞ ጊንኮ የሚባለው ዛፍ ማራገቢያ የመሰለ ቢጫ ቅጠሉን ያረግፋል። ጊንኮ የቶኪዮ ከተማ ይፋዊ ዛፍም ነው። ገበያው ላይ "ካኪ" የሚባል፣ ከሩቅ ሲያዩት ብርቱካንማ ቲማቲም የሚመስል ፍሬ ይደረደራል። "ኩሪ" የሚባል፣ ቡናማ ቅርፊት ያለው፣ ተቆልቶ የሚበላ የዛፍ ፍሬ ይወርዳል።

ስለዚህ የጃፓን ልጅ ካኪ ሲያጥፍ ትናንት ማታ የበላውን እያጠፈ ነው። ጊንኮ ሲያጥፍ ጠዋት የረገጠውን እያጠፈ ነው። ወረቀቱ ያየውን መልሶ ያሳየዋል። ጥበቡ ያለው እዚህ ጋር ነው።

አሁን ወደ እኛ ልጅ እንምጣ። በዚያው በመስከረም እኛ ሀገር ምን ይታያል? መጸው በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። ስሙ ከነሱ ጋር አንድ ይሁን እንጂ መልኩ ሌላ ነው። በነሱ ዘንድ ቅጠል ይረግፋል፣ በእኛ ደጋ ደግሞ ክረምቱ ሲያልፍ አደይ ይፈነዳል፣ ጤፉ ያዘረዝራል፣ ማሽላው ያፈራል። የደሴ ልጅ ቀና ሲል የሚያየው ቢጫ የለበሰ ተራራ ነው። ይህን ልጅ "መጸው ማለት ቀይ ቅጠል ነው" ብለን ማስተማር ዓይኑን እንዳያምን ማድረግ ነው።

በሌላ በኩል በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት ወይም በስቶክሆልም ልጆች የምታሳድጉ ወንድሞችና እህቶች አላችሁ። የእናንተ ልጅ ቀይ ቅጠል አጥፎ ከትምህርት ቤት ቢመጣ እውነቱን ነው፤ ደጁ ላይ ያለው እሱ ነው። አደዩን ደግሞ "እናትህ ባደገችበት ሀገር በዚህ ወር የሚፈካው ይሄ ነው" ብላችሁ በሌላ ወረቀት ጨምሩለት። ሁለት መጸው ያለው ልጅ ይሆናል።

አንድ እጥፋት፣ ሁለት ሀገር

ይህን ሁሉ በአንድ እጥፋት ማሳየት ይቻላል። ቢጫ ካሬ ወረቀት ውሰዱ። ቢጫ ከሌለ ነጩን ልጁ አስቀድሞ በከለር ይቀባው። ቀለም ያለውን ፊት ወደ ታች አድርጋችሁ፣ አንዱ ጥግ ወደ ልጁ እንዲያይ አስቀምጡት።

አንድ፦ ልጁ የግራውን ጥግ ከቀኙ ጥግ ጋር አገናኝቶ ያጥፈው፣ ከዚያ መልሶ ይክፈተው። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መስመር መሐል ላይ ይታያል።

ሁለት፦ ከታችኛው ጥግ በግራ በኩል የሚነሳውን ጠርዝ እስከ መሐሉ መስመር አምጥቶ ያጥፈው።

ሦስት፦ በቀኝ በኩል ያለውንም እንዲሁ።

አለቀ። ገልብጡት። ታቹ የሾለ፣ ላዩ ሰፋ ያለ፣ የአይስክሬም ኮን የመሰለ ቅርጽ ታገኛላችሁ። የሾለውን እንደ ዘንግ ብትቆጥሩት ቅጠል ነው። ልጁ በእርሳስ የቅጠሉን ሥሮች ይሣልበት። የላይኛውን ጥግ ወደ ኋላ ብታጥፉት ደግሞ ማራገቢያ ይመስላል፤ የቶኪዮው ጊንኮ እሱ ነው።

አሁን ስምንት ልጆች ካሉ፣ ወይም አንድ ልጅ ስምንት ቀን ካለው፣ ስምንቱን ኮኖች የላይኛው ጥግ ሳይታጠፍ የሾለ ጫፋቸውን ወደ መሐል አድርጋችሁ በክብ ደርድሯቸው። ክፍተት ሳይተርፍ፣ አንዱ በሌላው ላይ ሳይወጣ ይገጥማሉ። መሐሉ ላይ ትንሽ ክብ ለጥፉበት። አደይ አበባ ሆነ።

ይህ የሚገጥመው በአጋጣሚ አይደለም። የካሬ ጥግ 90 ዲግሪ ነው። ሁለቱን ጠርዞች ወደ መሐል ስናመጣ የሾለው ጫፍ ግማሽ፣ ማለትም 45 ዲግሪ ይሆናል። ስምንት ጊዜ 45 ደግሞ 360 ነው፤ ሙሉ ክብ። ለአራት ዓመት ልጅ ይህን ስሌት አትንገሩት። እሱ የሚያውቀው የሱ ቁራጭ ባይኖር አበባው ጎዶሎ እንደሚሆን ነው። ይህን ማወቁ ይበቃዋል። ስሌቱን ለትልቁ ወንድሙ ንገሩት፤ ሒሳብ እንዲህም እንደሚኖር ይይ።

ሁለት ቀላል ሥራዎችን እንጨምር።

ለካኪ፦ ብርቱካንማ ካሬ ወረቀት፣ አራቱንም ጥጎች ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ማጠፍ ብቻ። ሹል ጥግ ሲጠፋ ድቡልቡል ፍሬ ይሆናል። ከላይ ትንሽ አረንጓዴ ወረቀት በኮላ ይለጠፍበታል። ቀይ ወረቀት ከሆነ ልጁ "ቲማቲም ነው" ይላችኋል። ቲማቲም ነው፣ አትከራከሩት።

ለኩሪ፦ ቡናማውን ፊት ወደ ውጭ አድርጎ ካሬውን ከጥግ ወደ ጥግ በማጠፍ ሦስት ማዕዘን ማድረግ፣ ረጅሙን ጎን ወደ ታች ማዞር፣ ከዚያ የግራና የቀኝ ጫፎቹን ወደ ኋላ ማጠፍ። ላዩ ሾጠጥ ያለ ወፍራም ፍሬ ይወጣል።

እጃችንን እንሰብስብ

ከባዱ ክፍል እዚህ ይጀምራል። ከባድነቱም ለእኛ ለትልልቆቹ ነው።

የሦስት ዓመት ልጅ ጥግን ከጥግ ሲያገናኝ ይስታል። ጣቱ ይንሸራተታል፣ ወረቀቱ ይጠማል። ያን ጊዜ እጃችን ሳናስበው ይዘረጋል። "አምጣ ላስተካክልልህ" እንላለን። ቅጠሉ ይስተካከላል። ልጁ ግን በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ይማራል፦ የእኔ እጅ አይበቃም። ሦስት አራት ጊዜ ከተደጋገመ ገና ሳይጀምር "ሥሩልኝ" ብሎ ወረቀቱን ያቀብላችኋል። ሰነፍ ልጅ የምንለው አንዳንዱ እንዲህ የተሠራ ነው።

በአንዳንድ መዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ሥራዎች ተመልከቱ። አንድ ዓይነት፣ ቀጥ ያሉ፣ ከታች ብቻ የልጆቹ ስም የተለያየ። ወላጅ ይደሰታል፣ ፎቶ ያነሳል። መምህሯን አንወቅስም፤ ወላጅ የሚጠይቃት ይህንኑ ነውና ማታ ቁጭ ብላ ታጥፋለች። ጥፋቱ የጋራችን ነው። የልጃችንን ሥራ ከጎረቤት ልጅ ሥራ ጋር እያነጻጸርን "የኛስ?" የምንል እኛው ነን። ጠማማ ቅጠል ይዞ የመጣን ልጅ "ጎበዝ! ራስህ ነህ ያጠፍከው?" ብንል ኖሮ መምህሯም ማታ ትተኛ ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሥራችን አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሁለት ወረቀት ያዙ። አንዱ የእናንተ፣ አንዱ የልጁ። ማሳየት ስትፈልጉ በራሳችሁ ወረቀት አሳዩ፤ የእሱን አትንኩ።

ሁለተኛ፣ በልኩ ስጡት። የሦስት ዓመት ልጅ ቀላል እጥፋት ይበቃዋል፤ ካኪው ለእሱ ነው። ኮኑንና ኩሪውን ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ አቆዩት። ልጅ ከልጅ ይለያያልና ዕድሜውን ሳይሆን ጣቱን እያያችሁ ወስኑ።

ሦስተኛ፣ ቃል ስጡት። "ጥግ"፣ "ጠርዝ"፣ "መሐል"፣ "ግማሽ"፣ "ገልብጠው" በሉት። ጣትህን እንደ ካውያ መስመሩ ላይ አሂድበት በሉት። ልጁ እነዚህን ቃላት በጆሮውም በእጁም ይማራቸዋል።

አራተኛ፣ ሲያበቃ "ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁት፣ እናንተ አትሰይሙለት። ቅጠል ብላችሁ የጀመራችሁትን "ዓሣ ነው" ካላችሁ ዓሣ ነው።

"ለዚህ ጊዜ አለን እንዴ?"

የሚነሱ ጥያቄዎች አሉ። "በዚህ የኑሮ ውድነት ባለቀለም ወረቀት እንግዛ?" አትግዙ። ለኦሪጋሚ የሚሸጠው ወረቀት በአብዛኛው 15 ሴንቲሜትር በ15 ሴንቲሜትር ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት መሐል ለመሐል ብትቆርጡት ከእያንዳንዱ ግማሽ ወደ 14.8 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ካሬ ይወጣል። ስለዚህ ለስምንቱ የአደይ ኮኖች አራት ኤ4 ይበቃል፣ አበባውም ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሴንቲሜትር ያልፋል። አንድ ፊቱ የተጻፈበት የቢሮ ወረቀት ይሆናል። ያለቀ ደብተር ይሆናል። ካርቶን ግን ለትንሽ ጣት አይታዘዝም፣ ተዉት። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ከመቁረጣችሁ በፊት ወረቀቱን አገላብጣችሁ እዩ። የአላህ ስም ወይም የቁርኣን አንቀጽ ያለበት ወረቀት ለመጫወቻ አይውልም። የመድረሳ ደብተርና ጥሪ ወረቀት ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይገኛልና ተጠንቀቁ።

"ልጁ ፊደል ቢማር አይሻልም?" የሚሉም አሉ። ፊደሉን ይማር። ነገር ግን እስክሪብቶ የሚይዘው ይኸው ጣት ነው። ጠርዝን ከጠርዝ ለማገናኘት የሚታገል ልጅ መስመር ላይ ለመጻፍም እየተለማመደ ነው። ትንንሽ ልጆችን ስናስቀራ በየቀኑ የምናየው ነገር አለ። ልጁ ፊደሉን በቃሉ ያውቀዋል፣ እጁ ግን አይታዘዘውም። ያን ጊዜ የሚያለቅሰው ባለማወቁ አይደለም። ዛሬ ታዋቂ የሆነው የእጥፋት ሥዕል አነባበብ፣ በሰረዝና በነጥብ "ወደ ውስጥ እጠፍ፣ ወደ ውጭ እጠፍ" የሚለው፣ የመጣው ከጃፓናዊው አኪራ ዮሺዛዋ ነው፤ ከ1911 እስከ 2005 የኖረ ሰው ነው። በወጣትነቱ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ለሠራተኞች ጂኦሜትሪ ለማስረዳት የተጠቀመው በወረቀት ማጠፍ ነበር። ለትልቅ ሠራተኛ የጠቀመ ነገር ለልጅ ጨዋታ ብቻ ነው ብሎ መናቅ አይገባም።

"ጊዜ የለንም" ለሚሉት ግን መልሳችን አጭር ነው። ልጁ ዝም እንዲል ስልክ የምንሰጥበት ጊዜ አለን። ሦስት እጥፋት ከሩብ ሰዓት በላይ አይወስድም። ልዩነቱ ስልኩን ሰጥተነው እንሄዳለን፣ ወረቀቱን ሰጥተነው ግን አብረነው መቀመጥ አለብን። ብዙዎቻችንን የሚከብደን ወረቀቱ ሳይሆን መቀመጡ ነው። ልጁ የሚፈልገውም እሱኑ ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ፦ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ከዐስር በኋላ ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ልጁን ይዛችሁ ውጡና "ዛሬ ደጅ ምን አየህ?" በሉት። ያየውን ይዛችሁ ግቡ፣ ሁለት ካሬ ወረቀት ቁረጡ፣ አንዱን ስጡት። ሲጠምበት ዝም በሉ። ሲጨርስ ራሱ በመረጠው ቦታ ግድግዳው ላይ ለጥፉለት፤ እንግዳ ሲመጣም አታንሱት።

አላህ ልጆቻችንን ያሳድግልን፣ ለነሱም ትዕግሥቱን ይስጠን። ጽሑፉ ይጠቅማል ካላችሁ ኬጂ ለሚያስተምሩ እህቶችና ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ጓደኞቻችሁ አድርሱልን።